ቤቱ ሳይፈርስ፦ የአዲስ አበባን አሮጌ ቤት ለክቶና ጠይቆ መመዝገብ

በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ ያነሳ ነበር። እኔም አነሳሁ። ከወራት በኋላ ፎቶዎቹን ዘርግቼ አንዱን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ወረቀት ላይ መልሼ ላቆመው ስሞክር አልሆነልኝም። በረንዳው ከግድግዳው ስንት ይወጣል? ደረጃው ስንት እርከን ነበረው? ከኋላ ያለችው ጠባብ ክፍል ጓዳ ነበረች ወይስ ማድ ቤት? ፎቶዎቹ የቤቱን ፊት አስቀርተውልኛል፤ ቤቱን ግን አላስቀሩልኝም።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ ቤት ሳይ መጀመሪያ የማወጣው ሜትር ነው። ይህን መመሪያ የጻፍሁት ለሥነ ሕንፃ ተማሪ ብቻ አይደለም። የታሪክ መምህር፣ የሰፈሩ ልጅ፣ አያቱ የኖሩበት ቤት የሚያሳስበው ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። አንድ መካከለኛ ቤት ሁለት ሰው፣ ሁለት ቀንና ትዕግሥት ይበቃዋል።

የምትይዙት ዕቃ

ባለ 5 ሜትርና ባለ 30 ሜትር መለኪያ፣ ቱንቢ፣ 10 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ የላስቲክ ቱቦ፣ ሲባጎ፣ ጠመኔ፣ ባለ ካሬ ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ካሜራ ወይም ስልክ። የጨረር መለኪያ ካላችሁ ጊዜ ይቆጥባል፤ ከሌላችሁ ግን ሥራው አይቀርም። እስክሪብቶ ቤት ተዉት። ልክ ይሳሳታል፣ ይታረማል፤ ዝናብም ቀለምን ያጥባል።

የትኛውን ቤት?

የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ቤት ወይም የሸክ ሆጀሌ ቤት ተጠንቶ ተጽፎበታል። ስም የለሹን ምረጡ፦ ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨትና ጭቃ፣ ዙሪያውን በረንዳ የከበበው፣ ደረጃው በውጭ የሚወጣ፣ የቆርቆሮው ጫፍ ላይ ጥልፍ የመሰለ የእንጨት ሥራ ያለው ቤት። ምድር ቤቱ ሱቅ ወይም ዕቃ ቤት፣ ፎቁ መኖሪያ የሆነ እንዲህ ያለ ቤት አራዳን አራዳ ያደረገ ነው። የአርመን፣ የሕንድና የግሪክ ጠራቢና አናጺ ከአገሬው ሠራተኛ ጋር ሆኖ የሠራው ስለሆነ ከአንድ አገር የመጣ ቅርጽ አይደለም። እንዲህ ያለውን ቤት መጽሐፍ አልያዘውም።

ይህን ስል የታወቀው ቤት አይጠፋም ማለቴ አይደለም። ጣይቱ ሆቴልን የሚያህል ቤት በጥር 2007 ዓ.ም. በአንድ እሑድ ከፊሉ በእሳት ተበልቷል።

አንደኛ፦ ወረቀቱን አስቀድሙ

ቤቱን ከመንካታችሁ በፊት ፋይሉ የት እንዳለ ገምቱ። ለዚህ አንድ ዓመት ማወቅ ያስፈልጋል፦ 1967። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩትን ቤቶች ቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ያዛቸው። ስለዚህ የደከመ የጭቃ ቤት ከሆነ ወረቀቱን ከቀበሌው ወራሽ ከዛሬው ወረዳ፣ ትልቅ ቪላ ወይም ፎቅ ከሆነ የኪራይ ቤቶችን ሥራ ከወረሰው ከፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ትጠይቃላችሁ። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ከሆነ ደግሞ ካርታውና የድሮ ውሉ ሣጥን ውስጥ ይገኝ ይሆናል።

አድራሻ ያታልላል። በደርግ ጊዜ ፋይል ላይ «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» ታገኛላችሁ፤ ዛሬ ደግሞ ክፍለ ከተማና ወረዳ ነው። በመዝገባችሁ ላይ አሮጌውንም አዲሱንም አድራሻ፣ የቤት ቁጥሩንም ጻፉ። ስልካችሁ የሚሰጣችሁን የጂፒኤስ ነጥብ ጨምሩበት፤ መንገዱ ራሱ ሲቀየር የሚተርፈው እሱ ነው።

ከዚያ ስድስት ኪሎ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወደ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክር፣ ጎራ በሉ። የሰፈሩን የድሮ ፎቶና ካርታ ፈልጉ። ከአየር የተነሱ የድሮ ፎቶዎች ያሉት የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ሰነድ ዛሬ ጠፈር ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ዘንድ ነው። ከላይ የታየ ጣሪያ ቤቱ በኋላ የተቀጠለለት ክፍል የቱ እንደሆነ ይነግራል።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይመለከተዋል። ከቅርስ ባለሥልጣን ወይም ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የጽሑፍ ፈቃድ ሳትይዙ አትግቡ። ካልተመዘገበም ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፤ የሰፈር ጸጥታ ሲያስቆማችሁ ከረጅም ማብራሪያ ያድናችኋል።

ሁለተኛ፦ ደጃፉ ላይ

ይህኛውን ብዙዎች ያሳጥሩታል። እኔ ከመለካቱ አስበልጠዋለሁ።

በእነዚህ ሰፈሮች ሜትር ይዞ የመጣ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፦ ሊያፈርሱ ነው። ስለዚህ ሜትሩን ከቦርሳ አታውጡ። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ሂዱ፣ ሰላም በሉ፣ ማን እንደሆናችሁና ከማን እንዳልሆናችሁ ንገሩ። «እማማ፣ ከመንግሥት አይደለሁም። ይህ ቤት እንዴት እንደተሠራ ለማጥናት ነው፤ እርስዎ ከፈቀዱ ብቻ ነው የምገባው።» ይህን ለአንዷ ተከራይ ነግራችሁ ለሌላው አትተዉ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ በጣውላና በቺፕውድ ተከፍሎ አራት ቤተሰብ ይኖር ይሆናል፤ አራቱም በር ይንኳኳል።

የማትችሉትን ቃል አትግቡ። «ቅርስ ተብሎ ይቀርላችኋል» ወይም «ካሳ ለመጠየቅ ይረዳችኋል» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ሳይሆን ሲቀር ግን ለሚቀጥለው አጥኚ በሩን ትዘጉበታላችሁ። ቃል ልትገቡ የምትችሉት አንድ ነገር ነው፦ የቤታቸውን ንድፍ ሠርታችሁ አንድ ቅጂ እንደምትሰጧቸው። ያንን ፈጽሙ።

ቡና ከቀረበ ተቀመጡ። ቡናው ላይ የምትሰሙት በመጠይቅ ከምታገኙት ይበልጣል። አልጋ፣ የጸሎት ቦታና የታመመ ሰው ያለበትን ክፍል ፎቶ አታንሱ፤ ልኩን ብቻ ውሰዱ፣ እሱንም ከተፈቀደ።

ሦስተኛ፦ ንድፍ፣ ከዚያ ልክ

መጀመሪያ ምንም ሳትለኩ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዙሩ። ከዚያ የእያንዳንዱን ወለል ፕላን በዓይን ግምት ንደፉ፤ ሰፋ አድርጉት፣ አንድ ወለል በአንድ ገጽ። በር ወዴት እንደሚከፈት፣ መስኮት የት እንዳለ፣ ምሰሶ የት እንደቆመ ይታይ። ንድፉ ሳያልቅ ሜትር ከተዘረጋ ልኩን የምትጽፉበት ቦታ ታጣላችሁ።

ሲለካ አንዱ ቁጥሩን ይጥራ፣ ጻፊው ጮክ ብሎ መልሶ ይጥራ፣ ከዚያ ይጻፍ። ሁሉንም በሳንቲ ሜትር ጻፉ፤ አንዱ ሜትር ሌላው ሳንቲ ሜትር ከሆነ ማታ ስትስሉ ትጣላላችሁ። የሜትራችሁ ጫፍ ላይ ያለችው ብረት ከላላች ከ10 ሳንቲ ሜትር ጀምራችሁ ለኩና ቀንሱ፤ ይህን ያደረጋችሁበትን ገጽ ግን ምልክት አድርጉበት።

አንድን ግድግዳ ቁርጥራጭ አድርጋችሁ አትለኩ። መለኪያውን ከማዕዘን ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ዘርጉትና ሳታነሱት የበሩን መጀመሪያ፣ የበሩን መጨረሻ፣ የመስኮቱን መጀመሪያ እያላችሁ ሂዱ፦ 0፣ 112፣ 204፣ 310። በሮችና መስኮቶች ግድግዳውን አሥር ቦታ ቢከፍሉትና በእያንዳንዱ ቁራጭ 5 ሚሊ ሜትር ብትስቱ ስሕተቱ መጨረሻ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በተዘረጋ መለኪያ ግን የአንዱ ስሕተት ወደ ሌላው አይሻገርም።

አሁን ዋናው ነገር። አራቱን ግድግዳ ለክታችሁ ክፍሉን ለካን እንዳትሉ። አሮጌ ቤት ትክክለኛ ማዕዘን የለውም። አራት ማዕዘን ደግሞ ጎኖቹ ሳይለወጡ ሊዘምም ይችላል። ከአንዱ ጥግ እስከ ትይዩው ጥግ በሰያፍ ለኩ፣ ሁለቱንም አቅጣጫ። ጎኖቹ 400 እና 300 የሆኑ ክፍል ማዕዘኑ ልክ ከሆነ ሰያፉ 500 ይመጣል። አንዱ ሰያፍ 512፣ ሌላው 488 ከመጣላችሁ ክፍሉ ዘሟል፣ ልካችሁም ትክክል ነው። ሁለቱም 512 ከሆኑ ግን ከጎኖቹ አንዱን ስታችኋልና እንደገና ለኩ። ይህች አንዲት ፍተሻ ቤቱ እያለ ስሕተታችሁን ታሳያችኋለች።

የግድግዳ ውፍረትን በር ወይም መስኮት ባለበት ውሰዱ። እኔ በአንድ ወቅት ዶሮ ማነቂያ አጠገብ የአንድ ቤት የውስጥ ልኮችን ሁሉ ይዤ ወጥቼ የግድግዳውን ውፍረት ረስቼው ነበር። «ሰኞ እመለሳለሁ» አልሁ። ስመለስ ቦታው ተደልድሎ ነበር። ያ ንድፍ እስከ ዛሬ ግድግዳው በነጠላ መስመር እንደተሳለ ነው። ምድር ቤቱ ድንጋይ ሆኖ ፎቁ ጭቃ ሲሆን ውፍረቱ ስለሚለያይ በሁለቱም ወለል ያዙ።

ፎቅ ላይ ስትወጡ በበረንዳው አንድ አንድ ሰው ብቻ ይሂድ። ጣውላው መሐል ላይ ሳይሆን ከሥሩ ወራጅ ባለበት፣ የሚስማር መስመር በሚታይበት ርገጡ።

አራተኛ፦ ከፍታ

ወለሉ ዘሞ ሊሆን ስለሚችል ከወለል ተነስቶ ከፍታ መለካት ያሳስታል። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ ልክ ሥሩ፦ ቱቦውን ውሃ ሙሉት፣ ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይኖር ተጠንቀቁ፣ በአንዱ ጫፍ ያለው ውሃ ከደጃፉ መድረክ 1 ሜትር ከፍ ብሎ እንዲቆም አድርጋችሁ ያዙ፣ ሌላው ሰው በየክፍሉ ውሃው በቆመበት በጠመኔ ምልክት ያድርግ። አሁን በቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት መስመር አላችሁ። ከዚያ መስመር ወደ ታች ወለሉን፣ ወደ ላይ ጉበኑን፣ ኮርኒሱን፣ የጣሪያውን ጫፍ ለኩ። ቱንቢውን ከላይ አውርዳችሁ ግድግዳው ስንት እንዳዘመመም መዝግቡ።

ኮርኒሱ የተቀደደ ቦታ ካለ በባትሪ ወደ ላይ እዩ። ወጋግራው ስንት ነው፣ በስንት ርቀት ተደርድሯል፣ እንጨቱ ድቡልቡል ነው ወይስ የተሰነጠቀ? ይህ ከሌለ ቤቱ እንዴት እንደቆመ የሚያሳየውን ንድፍ፣ ማለትም ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ እንደሚታይ ዓይነት ሥዕል፣ መሥራት አይቻልም።

አምስተኛ፦ ግድግዳውን አንብቡ

ልስኑ የወደቀበት ቦታ መስኮት ነው። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ቋሚው፣ በላዩ የተመታው ማገር፣ በጭድ የተቦካው ምርጊት በየተራ ይታያል። ቋሚው ጥድ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ? ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን የሞላት በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ስለሆነ የጥድ ቋሚ የቀደመ ዘመንን ወይም የደኅና ባለሀብትን ቤት ሊጠቁም ይችላል። ለብቻው ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ከፈረሰ ቤት የመጣ እንጨት ሊሆን ይችላልና። ሰፊ መስታወት፣ የብረት ወራጅና የፋብሪካ ዕቃ ደግሞ ባቡሩ አዲስ አበባ ከደረሰበት ከ1909 ዓ.ም. በኋላ በቀላሉ የሚገኝ ሆነ።

ከሁሉ የምወደው ማስረጃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ነው። ቀለሙ ሲላላ ሥሩ የድሮ «አዲስ ዘመን» ይወጣል፣ አንዳንዴም ሦስትና አራት ድርብ። ቀኑን አንብቡ፣ ፎቶ አንሱ፣ አትላጡት። የሚነግራችሁንም በልኩ ውሰዱ፦ ጋዜጣው የ1948 ከሆነ ያ ድርብ የተለጠፈው ከ1948 ወዲህ ነው ማለት ነው እንጂ ቤቱ በ1948 ተሠራ ማለት አይደለም። «አዲስ ዘመን» ራሱ የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ቤቱ ግን ከዚያ በፊት ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ቅጥያውን ከዋናው ለዩ። ግድግዳው ከግድግዳ ጋር ተያይዞ ሳይሆን ተደግፎ ከቆመ፣ ከጭቃው ጎን ብሎኬት ከመጣ፣ የወለሉ ጣውላ በክፍልፋዩ ሥር ሳይቋረጥ ካለፈ ክፍሉ በኋላ የመጣ ነው። በፕላናችሁ ላይ ዋናውን በጥቁር፣ ቅጥያውን በቀይ፣ ያልተረጋገጠውን በነጠብጣብ መስመር ሳሉ። ቅጥያውንም ግን በደንብ ለኩት። ከ1967 በኋላ የተከፈለው አዳራሽ፣ ከበረንዳው ላይ የወጣችው ኩሽና፣ ለልጁ ሠርግ የተቀጠለችው ክፍል የቤቱ ታሪክ ናቸው፤ «የተበላሸው ክፍል» ብለው ከሚያልፏቸው አጥኚዎች ጋር አልስማማም።

ስድስተኛ፦ ሽማግሌውን ጠይቁ

ሽማግሌውን ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ አትጠይቁ። አብራችሁ በክፍሎቹ እየዞራችሁ ጠይቁ፤ እግር ያስታውሳል። «አባባ፣ እርስዎ ልጅ ሆነው ይህን ክፍል ምን ብለው ይጠሩት ነበር?» በሉ። እናንተ «ሳሎን» ያላችሁት እልፍኝ፣ «መጋዘን» ያላችሁት ግብር ቤት ሆኖ ይገኛል። ስሙን እነሱ እንዳሉት በፕላኑ ላይ ጻፉ።

ዓመት አትጠይቁ፤ ክስተት ጠይቁ። «ቤቱ ጣልያን ሲገባ ነበር?» «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ይህ በረንዳ ነበረው?» «አብዮቱ ሲመጣ ስንት ቤተሰብ ይኖርበት ነበር?» ጣልያን ማለት ከ1928 እስከ 1933፣ ግርግሩ 1953፣ አብዮቱ 1966 ነው። በእነዚህ ችካሎች መካከል ብዙ ነገር ይገባል።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። «በ28 ነው የተሠራው» የሚል ሽማግሌ 1928 ዓ.ም.ን፣ ጠላት የገባበትን ዓመት ማለቱ ነው። አንድ የውጭ ተጓዥ ያነሳው ፎቶ ጀርባ ላይ 1928 ተጽፎ ብታገኙ ግን እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 1920 ወይም 1921፣ ገና የንግሥት ዘውዲቱ ዘመን። ሁለቱን አንድ ያደረገ ጥናት ቤቱን ከአንድ መንግሥት አንስቶ ሌላ መንግሥት ውስጥ ያኖረዋል። ስለዚህ በመዝገባችሁ ላይ እያንዳንዱ ዓመት ከጎኑ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይኑረው። ያለ እሱ አንድም ዓመት አትጻፉ።

ድምፅ ከቀዳችሁ አስፈቅዳችሁ ቅዱ፤ ፈቃዱም በድምፁ ውስጥ ይሰማ። ሁለት ሽማግሌ የተለያየ ከነገራችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ እናንተ ዳኛ አይደላችሁም።

ሰባተኛ፦ ፎቶ

ፎቶን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት አውቄ ነው፤ ቤቱን የለካ ሰው ምን ማንሳት እንዳለበት ያውቃል። እያንዳንዱን ፊት ትይዩ ቆማችሁ አንሱ፣ ከጎን አትዝመሙ። ርዝመቱ የታወቀ እንጨት፣ 1 ሜትር ቢሆን ጥሩ፣ በጥቁርና በነጭ ቀብታችሁ ግድግዳው ሥር አቁሙ። በፕላኑ ቅጂ ላይ የቆማችሁበትን ነጥብና የተመለከታችሁበትን አቅጣጫ በቀስት ከፎቶው ቁጥር ጋር አኑሩ። በኋላ በኮምፒውተር ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል የሚሠራ ሰው ካለ፣ ቤቱን እየዞራችሁ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀዳሚው ጋር 70 በመቶ ያህል እንዲደራረብ አድርጋችሁ አንሱለት። ደመና ያለበት ቀን ጥላ ስለማያጠላ ለዚህ ከፀሐያማው ይሻላል። ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሲጥል አንዴ ተመለሱ፤ ውሃው ከየት እንደሚገባ በዚያ ቀን ብቻ ነው የሚታየው።

ስምንተኛ፦ በዚያው ሳምንት ሳሉ

ልኩን ማታውኑ በንጹሕ አስፍሩ። አስታዋሽ የሆነው ዓይናችሁ ከአንድ ሳምንት በላይ አይቆይም፤ ቤቱም ላይቆይ ይችላል። ለፕላን 1፡50 ይበቃል፦ 1 ሜትር በወረቀት 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ 12 ሜትር የሚረዝም ቤትም 24 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በኤ4 ወረቀት ይገባል። የበሩን መቃን፣ የደረጃውን መደገፊያና የቆርቆሮውን ጫፍ ጥልፍ በ1፡10 ለብቻ ሳሉ፤ አናጺ አይቶ መልሶ ሊሠራው በሚችል መልክ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የመለኪያ መስመር ሳሉ፤ ቁጥሩ ብቻ ካለ ወረቀቱ በፎቶ ኮፒ ሲያንስ ከንቱ ይሆናል። የሰሜን ቀስት፣ የተለካበት ቀን፣ የለካው ሰው ስም አይቅር። የእርሳስ ንድፉን አትጣሉ፤ ከተስተካከለው ሥዕል ይበልጥ ታማኙ እሱ ነው።

ሦስት ቅጂ አድርጉ። አንዱ እናንተ ዘንድ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ በሌላ ቦታ፣ አንዱ በተቋም፦ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ በወመዘክር፣ ወይም ልደታ ባለው የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት። ስትሰጡ የነዋሪዎቹን ስምና ስልክ ከሚታየው ቅጂ አውጡ።

አራተኛውን ቅጂ አሳትማችሁ ለቤቱ ሰዎች ይዛችሁ ሂዱ። ቤቱ ቆሞ ካገኛችሁት በፕላኑ ላይ ጣታቸውን እየሳቡ ስሕተት ያርሙላችኋል፤ ያረሙትን ጻፉ። ፈርሶ ካገኛችሁትም ወዴት እንደተዛወሩ ጎረቤት ጠይቃችሁ ኮንዶሚኒየሙ ድረስ ውሰዱላቸው።